ለአራት ዓመት መዝሙር የነበረው ታንጎ

ዜናው የደረሰኝ የሲስተር ኢነስን ነጭ ቀሚስ ስተኩስ ነው። ዕለቱ ሃያ አንድ ማርያም ነበር፣ ጠዋት። የካውያዬ ከሰል ደህና ግሏል፤ ቴፕ ማጫወቻዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ በቀስታ ይዘምራል፤ እኔም ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አብሬው አለሁ። ሲስተር ልብሳቸውን ሊወስዱ መጡና በሩ ላይ ቀጥ አሉ። ጆሯቸውን አዘነበሉ። ቀጥሎ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ማማ ብርቄ» አሉኝ በስዋሂሊ፣ «ይህን ከየት አመጣሽው?»

«አባ ራሞን ናቸው የሰጡኝ። የአገራችሁ መዝሙር ነው።»

«የምን?»

«መዝሙር። የእግዚአብሔር።»

ሲስተር ኢነስ ስልሳ ያለፋቸው መነኩሲት ናቸው፤ ከመጡ ገና ሦስተኛ ወራቸው ነበር። ሳቁ። መነኩሴ እንዲያ ሲስቅ አይቼ አላውቅም። የልብስ ቅርጫቴን ከመሬት አንስተው ደረታቸው ላይ አቀፉት፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ሦስት እርምጃ በረጅሙ ተራመዱና ድንገት ቆመው ዞሩ፤ ቅርጫቱን ወደ ኋላ ደፋ አድርገው እንደ በደለኛ ሰው ትክ ብለው አዩት። አንድ ካልሲ ወደቀ።

«ታንጎ ነው!» አሉ። «ማማ፣ ይሄ ታንጎ ነው! አባቴ ራዲዮ ላይ ሲከፍተው እናቴ ሄዳ ትዘጋበት ነበር።»

«ታንጎ ምንድን ነው? የጾም ነው የፍስክ?»

«የመጠጥ ቤት ነው!»

ካውያውን ቀሚሱ ላይ ረሳሁት።

ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ካልነገርኳችሁ ድንጋጤዬ አይገባችሁም። የኛ ሚሊኒየም ሊገባ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀረው ነው። ኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ፣ ማንያታ በሚባለው ሰፈር፣ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ባላት አንድ ክፍል ቤት እኖር ነበር። አገሬ ቡልጋ ነው። መንግሥት ሲለወጥ በአንድ የጦር ክፍል ታይፒስት ነበርኩ፤ ሠራዊቱ ወደ ደቡብ ሲሸሽ አብሬ ሸሸሁ፣ ድንበር ተሻገርኩ፣ ካምፕ ገባሁ፣ ካምፑ ሲዘጋ ሞያሌ ቀረሁ። ኢትዮጵያ ከቤቴ በእግር ሃያ ደቂቃ ናት፤ ቅዳሴ የማስቀድሰውም ወደዚያው ተሻግሬ ነው። ቡልጋ ግን ሃያ ደቂቃ አይደለም።

ጥንቁቅ ነበርኩ። ሰው ሊያመሰግነኝ ሲፈልግ «ብርቄ እኮ ጥንቁቅ ናት» ይላል፤ ሌላ የሚመሰገን ነገር ሲያጣልኝም እንዲሁ። ወተት ከመግዛቴ በፊት ላሚቱን ሄጄ አያለሁ። መኪና በማያልፍበት መንገድ ግራ ቀኙን አይቼ እሻገራለሁ። ከብት የጫነ ሎሪ አናት ላይ ወጥቶ ናይሮቢ መሄድ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ልማድ ሲሆን፣ እኔ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልወጣሁም። መንገዱ ሽፍታ አለበት። ሽፍታ ባይኖርበት ደግሞ ከብቱ ይራገጣል።

አባ ራሞን የሚሲዮኑ የካቶሊክ ቄስ ነበሩ፤ አርጀንቲና ከሚባል አገር የመጡ ሽማግሌ። ልብሳቸውን የማጥበው እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ በክፍላቸው ይህን ካሴት ከፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያለቅሱ በመስኮት አያቸው ነበር። ቄስ ዓይኑን ጨፍኖ ካለቀሰ ምን እያደረገ ነው? እየጸለየ ነዋ! ታመው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ቴፑን ከነካሴቱ «ላንቺ» ብለው ሰጡኝ። ካሴቱ ሽፋን ላይ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ እጁን ደረቱ ላይ ጭኖ ወደ ሰማይ ያያል። ባርኔጣውን አለማውለቁ ትንሽ ከንክኖኝ ነበር፤ የአገሩ ሥርዓት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። በሃይማኖት ከካቶሊክ ጋር እንደማንገናኝም አልጠፋኝም። ግን በጥንቃቄ አሰብኩበት፤ በማናውቀው ቋንቋ ውስጥ ኑፋቄ ቢኖር እንኳ እኛ ዘንድ አይደርስም።

በየወሩ በሃያ አንድ የምንጠጣው የማርያም ማኅበር ነበረን፣ ሰባት ሴቶች። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም ሰብሳቢዋ፣ እኔ ነበርኩ። ሙሴነት የወንድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የሞያሌ ወንዶች ግን ማኅበር ሲባሉ «ዛሬ የከብት ገበያ አለብን» ይላሉ፣ ገበያው በሌለበትም ቀን። ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ከተቀዳ በኋላ ካሴቱን እከፍታለሁ። ያ አኮርዲዮን የመሰለ ነገር መተንፈስ ሲጀምር ሰባታችንም ነጠላችንን ዓይናችን ላይ እናደርጋለን። ትርጓሜውን የምሰጠው እኔ ነኝ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ «አንድም» እየተባለ ሲተረጎም እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ስለዚህ ድፍረቱ አልቸገረኝም። አንደኛው መዝሙር የጴጥሮስ እንባ ነው፣ ዶሮ ከጮኸ በኋላ ያለው። ሁለተኛው ሴት ናት የምትዘምረው፤ የእመቤታችን ኀዘን ነው፤ አንድም የራሔል እንባ ነው። ሦስተኛውን ሁላችንም እንወደዋለን። በመሐሉ ጣውላ ሲንኳኳ ይሰማል። «ነፍስ በደጅ» አልኩት። መልአኩ ያንኳኳል፤ ነፍስም ቤቷን፣ ወዳጇን፣ ዓለሙን ሁሉ ትታ ወደተጠራችበት ትሄዳለች።

አራት ዓመት እንዲህ አለቀስን። በጾም ሁለት ጊዜ እናዞረዋለን።

ሲስተር ኢነስ በርጩማዬ ላይ ተቀምጠው አንድ በአንድ ፈቱልኝ።

«ይሄኛው የእናቱን ብርድ ልብስ ሽጦ ለአንዲት ሴት ጫማ ገዛላት። እሷ በጫማው ከሌላ ወንድ ጋር ጨፍራ ሄደች።»

«እናቱስ?»

«ብርድ መታት።»

«ተጸጸተ አይደል?» አልኩ፣ ጴጥሮስን ላድነው።

«የተጸጸተው ቤት ውስጥ ሌላ ብርድ ልብስ ስላልነበረ ነው።»

ሁለተኛዋ ደግሞ፣ ወዳጇ ሰው በጩቤ ሲወጋ «እኔ ነኝ የወጋሁት» ብላ የታሰረችለት ናት። አንድ ቀን ሊጠይቃት መጣ። የመጣው የቤቱ ቁልፍ የት እንዳለ ሊጠይቃት ነው። እሷ ግን እስከ መጨረሻው «መጣልኝ» እያለች ትዘፍናለች።

«ሦስተኛውስ?» አልኩ።

ሲስተር ሳቃቸውን ተዉ። «ይሄ እንኳ ከባድ ነው» አሉ። «ሰውየው ሁለት የመርከብ ቲኬት ይዞ ሴትየዋ ደጅ ያንኳኳል። ለእሷ ሲል ሥራውንም አገሩንም ትቷል። እሷ ውስጥ ናት፤ ትሰማዋለች፤ ትወደዋለችም። ግን ጎረቤት ምን ይላል? መርከቡ ቢሰጥምስ? ሦስት ጊዜ ስሟን ይጠራል። አትከፍትም። ሲሄድ ይህን ይላታል፦ በርሽን ደህና አድርገሽ ዝጊ፣ የኔ ጥንቁቅ፤ ከእንግዲህ ሌባም አያንኳኳውም።»

የተቃጠለ ጨርቅ የሸተተን ያኔ ነው። ካውያውን ሳነሳው ቀሚሱ ላይ፣ ልክ ጉልበቱ ጋ፣ ቅርጹን ጥሏል።

«ሲስተር፣ ይህን ለማንም እንዳይናገሩ። እንደ ኑዛዜ ይያዙልኝ።»

«እኔ ቄስ አይደለሁም፣ ማማ» አሉና የተቃጠለውን ቀሚስ ሳይቆጡ አጣጥፈው ሄዱ። ሄሉ በሚባለው ሰፈር የሚጎበኙት በሽተኛ ነበራቸው።

ካሴቱን ጓሮ ልቀብረው ነበር። ግን ያ ቀን ካሴቱ የሚቀበርበት ቀን አልነበረም፤ ከሰዓት በኋላ የፅጌ ጉዳይ ነበረብን።

ፅጌ ከማኅበራችን ትንሿ ናት፤ ሠላሳ ቢሆናት ነው፣ ሆቴል ወጥ ቤት የምትሠራ። ከሁላችንም እሷ ብቻ የካናዳ ፕሮሰስ ተሳክቶላት ነበር። ለመጨረሻው ቃለ መጠይቅ ናይሮቢ ሄዳ ስትመለስ የተሳፈረችው ጃተኒ የሚነዳው ሎሪ አናት ላይ ነው። ጃተኒ የቦረና ልጅ ነው፤ ሚሲዮን ያደገ፣ ካቶሊክ፣ ከኛ ጋር ውሎ አማርኛን ከኛ አሳምሮ የሚናገር። በረሃው መሐል ሽፍቶች ተኮሱባቸው። ረዳቱ «ቁምና እንሩጥ!» አለው። እሱ አልቆመም። ጥይት ጭኑ ውስጥ ተቀምጦ፣ ከላይ ያሉትን ሰዎች ይዞ እስከ ፖሊስ ኬላው ነዳ። ሰው ሁሉ ተረፈ። እግሩ ግን ዘግይቶ ነበርና ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ።

ከአምስት ወር በኋላ የፅጌ ወረቀት መጣ። ረቡዕ የኛ ማኅበር ነው፤ ሐሙስ ጠዋት በአጀብ ከሚወጡት ሎሪዎች ጋር መውጣት አለባት፤ ያ ቀን ካለፋት የአውሮፕላኑ ወንበር ያልፋታል። እሷ ደግሞ በዋዜማው «አልሄድም፤ ጃተኒን ነው የማገባው» አለች።

ማኅበሩ ታወከ። ለነፍሷ ነው የታወክነው ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። እማማ ደብሪቱ፣ ታላቃችን፣ ከካናዳ መነጽር ይጠብቁ ነበር። ዘነበች፣ ሚቱምባ የምትሸጠው፣ ማለትም አሮጌ ልብስ፣ ወንድሟን በስፖንሰር ልታስወስድ አስባለች። እኔ ለቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ተስዬ ነበር፤ የስዕለቱ ባለቤት እኔ፣ ከፋይዋ ፅጌ።

ከሰዓት በኋላ ቤቴ ተሰበሰብን። ዳቦው ተቆረሰ። ፅጌ በሩ አጠገብ ተቀመጠች፣ ዓይኗ አብጦ።

«እህቴ» አለች ዘነበች፣ «ሰው ለካናዳ እግሩን ይሰጣል፤ አንቺ ለእግር የለሽ ካናዳን ትሰጫለሽ?»

«እሱ እኮ የሰጠው ለኔ ነው።»

«ለሃያ ሰው ነው የነዳው! ሃያው ሁሉ ሊያገባው ነው?»

«ሌሎቹ አልጠየቁትም» አለች ፅጌ።

«እሱስ ጠይቆሻል?» አልኳት እኔ።

አቀረቀረች። «እሱ 'ሂጂ' ነው የሚለኝ። ሰሞኑን ደግሞ በሩን ዘግቶብኛል።»

«አየሽ!» ዘነበች አጨበጨበች። «ሰውየው ራሱ አስተዋይ ነው። በዚያ ላይ ካቶሊክ ነው። በዚያ ላይ ወንድ ሁለት እግር ኖሮትም ቤት አይገኝ!»

«እንግዲያ አንድ እግር ያለው ይሻላታል» አሉ እማማ ደብሪቱ ዳቦውን እያኘኩ፤ «ሩቅ አይሄድባትም።»

«እማማ! በማን ወገን ነዎት?»

«በመነጽሩ ወገን ነኝ። እውነቱን ለመናገር ነው እንጂ።»

ፅጌ ድንገት ቀና አለች። «እትዬ ብርቄ፣ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የሚመልስልኝ የራሱን ነው። ያን የደጁን መዝሙር ክፈቺልኝ። ትርጓሜውን ዛሬ አንዴ ንገሪኝ። መልሴን ከዚያ እወስዳለሁ። ሂጂ ካለኝ ሻንጣዬ ተዘጋጅቷል፤ በእመቤቴ እምላለሁ፣ ነገ ጠዋት እወጣለሁ።»

ሰባት ነጠላ ተንቀሳቀሰ። ዘነበች በደስታ ጉልበቴን ቆነጠጠችኝ። ትርጓሜውን ሁሉም ያውቃል፤ ነፍስ ወዳጇን ትታ ትሄዳለች። አፌን ከፍቼ የለመድኩትን መድገም ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ካናዳም ትሄዳለች፣ ድምፅ ማጉያውም ይመጣል፣ ሙሴነቴም ይጸናል።

ቴፑን ከፈትኩት። ያ ነገር ተነፈሰ። ሰውየው አንኳኳ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለውን እያወቅሁ ሰማሁት። ፅጌ አፍ አፌን ታየኛለች፤ ሕይወቷን ሙሉ በሁለት እጇ ይዛ «የት ላስቀምጠው?» የምትለኝ ይመስላል።

«መዝሙር አይደለም» አልኩ።

«ምን?»

«መዝሙር አይደለም። ታንጎ ይባላል። የመጠጥ ቤት ዘፈን ነው። ሲስተር ኢነስ ናቸው ዛሬ ጠዋት የነገሩኝ። ጴጥሮስ ያልኩት የእናቱን ብርድ ልብስ የሸጠ ነው። ሁለተኛዋ እስረኛ ናት። ይሄኛው…» ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቲኬቱን፣ ማንኳኳቱን፣ ያልተከፈተውን በር።

ዘነበች ቆመች። «አራት ዓመት! አራት ዓመት እየጾምን፣ እየሰገድን፣ በመጠጥ ቤት ዘፈን! የዐቢይ ጾሙን ሁሉ? ሕማማቱንም?»

«ሕማማቱን ሦስት ጊዜ ነው ያዞርነው» አሉ እማማ ደብሪቱ።

ፅጌ ጫጫታውን አልሰማችም። «ሴትየዋስ?» አለችኝ። «በሩን ያልከፈተችው። ከዚያ በኋላ ምን ሆነች?»

«ልብስ ትተኩሳለች» አልኩ።

ከአፌ ነው የወጣው እንጂ እኔ አላወጣሁትም። ካሴቱም በዚያው አለቀና ቀጭ ብሎ ቆመ።

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ያኔ ተናገርኩ። ካምፕ ሳለን ታደለ የሚባል መምህር ነበር፤ ከዛፍ ሥር ልጆች የሚያስተምር፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ። ይወደኝ ነበር። ፍልሰታ ልትፈታ ሦስት ቀን ሲቀራት፣ ቀትር ላይ፣ ውሃ የምታመጣው መኪና ወደ ናይሮቢ ስትመለስ ለሁለት ሰው ቦታ ለመነ። ፈቃድ አልነበረውም፤ ቢያዝ እስር ነው። ድንኳኔ ደጅ መጣና የምሰሶውን እንጨት በጣቱ አንኳኳ። «ብርቄ» አለ። «ብርቄ፣ ተነሽ፣ ናይሮቢ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በሥርዓቱ እንጋባለን።» ዓይኔን ገልጬ ሸራውን እያየሁ ተኝቻለሁ። ጾም ነው አልኩ በልቤ። ሰው ምን ይላል አልኩ። መኪናዋ ብትያዝስ አልኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ጠራኝ። ከዚያ ለጎረቤቶቼ «ተኝታለች መሰለኝ፤ አትቀስቅሷት» አላቸውና ሄደ። ጾሙን ፈታሁ። በጣም በንጽሕና ነው የፈታሁት።

«ይኸው ነው ትርጓሜው» አልኳት ፅጌን። «አንድም የለውም።»

እማማ ደብሪቱ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «እኔ መጀመሪያውኑ አውቅ ነበር» አሉ።

«ምኑን?»

«መዝሙር አለመሆኑን። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እንዲህ ያለ ለቅሶ ለእግዜር አይለቀስም፣ ልጄ። እኔ አራት ዓመት ያለቀስኩት ለአሥር አለቃዬ ነው። ዝም ያልኩት ቴፑን እንዳትዘጊብኝ ነው።»

ፅጌ ሳቀች። እያለቀሰች ሳቀች። ነጠላዋን አጣፋች፣ ጫማዋን አጠለቀች፣ ሻንጣዋን ሳታይ ወጣች። ወደ ሄሉ፣ ወደ ጃተኒ፣ እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም። እኔም ተነሳሁ። ለምን ቴፑን እንዳነሳሁ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ በእጄ ሳገኘው መንገድ ላይ ነበርኩ። ማኅበሩም ተከተለን፤ ዘነበች እንኳ «እኔ የምመጣው ልመልሳት ነው» እያለች። ሰባት ነጠላ የለበሱ ሴቶች በጠራራ ፀሐይ በፍየል መሐል ሲያልፉ ያየ ሰው የቀብር መስሎት ቆሞ ያሳልፈናል፤ አንድ ባለ ሱቅማ በስዋሂሊ «ፖሌ»፣ ማለትም አይዟችሁ፣ ብሎ አጽናናን።

ጃተኒ በእህቱ ቤት ነው ያለው። በሩ ተዘግቷል። ፅጌ አንኳኳች።

«ዴሚ!» አለ ከውስጥ፣ በኦሮምኛ፤ ከዚያ እንዳይሳሳትባት በአማርኛ ደገመው። «ሂጂ! ነገ ሎሪ አለሽ።»

«አልሄድም። ክፈት።»

«ፅጌ፣ እኔ እግሬን የሰጠሁት እንድትደርሺ ነው እንጂ እንድትቀሪ አይደለም። ሥራዬን አታበላሺብኝ።»

እንደገና አንኳኳች። ዝም አለ። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ። ሰው በውስጡ ዓይኑን ገልጦ ጣሪያ የሚያይበት ዝምታ ነው። የኔ ዝምታ ጥንቃቄ ነበር፤ የሱ መሥዋዕት ነው። ደጅ ለቆመ ሰው ግን ልዩነት የለውም፤ በሩ ያው በር ነው።

ቴፑን ደፉ ላይ አስቀመጥኩትና ካሴቱን መልሼ ከፈትኩት። የቴፑ ባትሪ ድንጋይ ደክሞ ነበርና ሰውየው ከወትሮው ይልቅ ቀስ ብሎ፣ እየተጎተተ ያለቅስ ጀመር። ሦስት ጊዜ አዞርኩት። በሦስተኛው ላይ ዘነበችም ታለቅስ ነበር። «የንዴት ነው» አለች ሳልጠይቃት።

«ማናችሁ?» አለ ጃተኒ ከውስጥ። «ማኅበሩ በሙሉ ነው?»

«በሙሉ ነው» አሉ እማማ ደብሪቱ። «እኔ ደግሞ ጉልበቴን ያመኛል፤ ወይ ክፈት ወይ በርጩማ በመስኮት ስጠኝ።»

የሴት ሳቅ ከውስጥ ሰማን። ሲስተር ኢነስ ናቸው፤ ለካ ቁስሉን ሊያጥቡ መጥተው ያ ሁሉ ሲሆን እዚያው ነበሩ።

«ሲስተር ይክፈቱልን!» አልኩ።

«እኔ አይደለሁም የተጠራሁት» አሉ በስዋሂሊ።

ቴፑ እየተጎተተ እየተጎተተ ሄዶ ፀጥ አለ። ድንጋዩ አለቀ። ፅጌ ግንባሯን በሩ ላይ አሳርፋ ቆማለች። አሁን ሄደ ነገሩ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ያኔ ከውስጥ ማንኳኳት ሰማን። አንድ፣ ቆይቶ ደግሞ አንድ። ክራንቹ ነበር፣ ሲሚንቶው ላይ። ከአልጋው እስከ በሩ ስንት እርምጃ እንደነበር አላውቅም። እኔ ያን ያህል ርቀት በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

በሩ ተከፈተ። ጃተኒ ፂሙን አልተላጨም። ሁላችንንም ቃኘንና ዓይኑን ፅጌ ላይ አሳረፈ።

«ካናዳ ይበርዳል አሉ» አላት።

«በጣም» አለች።

ከኋላቸው ሲስተር ኢነስ ቆመዋል፣ ያን የካውያ ቅርጽ ያለበትን ቀሚስ ለብሰው።

ሎሪዎቹ ሐሙስ ጠዋት ያለሷ ወጡ። ለካናዳ የተጻፈላት ወንበር ባዶውን ሄደ። በሚሲዮኑ ተጋቡ። ጃተኒ ሎሪ ተራ ስምሪት ይሠራል፤ ፅጌ ወደ ኦዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ምግብ ቤት ከፈተች። ሁልጊዜ ፍቅር በፍቅር ናቸው አልላችሁም። ሲጣሉ «ካናዳን ትቼልህ!» ትለዋለች፤ «እግሬን ትቼልሽ!» ይላታል፤ እኩል ስለሚሆኑ ጠቡ እዚያው ያልቃል።

እኔ ከሙሴነት ወረድኩ። ዘነበች ተተካች፤ የመጀመሪያ ውሳኔዋ በማኅበሩ የሚሰማው ሁሉ በአማርኛ ወይም በግዕዝ ይሁን የሚል ነው። ተገቢ ነው። ተሻግሬ ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። ስግደት ሰጡኝ፤ ካሴቱንም «ይዘቱን ላጣራ» ብለው ተቀበሉኝ። እስካሁን እያጣሩ ናቸው። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ድምፁን ቀነስ እንደሚያደርጉ የቤታቸው ሠራተኛ ነግራኛለች።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ይህን ስጽፍ ዘፈን ከመዝሙር ይበልጣል ለማለት እንዳይመስላችሁ። ዛሬም እጾማለሁ፤ ዛሬም ግራ ቀኝ አይቼ እሻገራለሁ። ግን አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ጥንቃቄዬን ሁሉ ለአምላኬ ብዬ በስሙ አስቀምጬ ነበር፤ ሲመረመር አብዛኛው የፍርሃቴ ነበር። የብርድ ልብሱን ሌባ ጴጥሮስ ያደረግኩት እኔ፣ ፍርሃቴንም ጾም ማድረግ አላቃተኝም። እናንተም በቤታችሁ የምታዞሩት ካሴት ካለ፣ ቃሉን የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

በተከታዩ ዓመት ሎሪ አናት ላይ ወጣሁ። ከብቱ በእርግጥም ይራገጣል። መቁጠሪያዬን በአንድ እጅ፣ ብረቱን በሌላው ይዤ ናይሮቢ ገባሁና ስለ ታደለ ጠየቅኩ። አንዱ ታንዛኒያ ሄዷል አለኝ፤ ሌላው ደቡብ አፍሪካ፤ ሌላው የሞተ ሌላ ታደለ ነገረኝ። ተመለስኩ።

እንግዲህ በዚያ ካምፕ፣ በዚያ ፍልሰታ፣ ውሃ የምታመጣዋ መኪና ልትነሳ ስትል በድንኳኖቹ መሐል የነበራችሁ፣ ልጆቹን ከዛፍ ሥር ያስተምር የነበረውን ሰው የምታስታውሱ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ካገኛችሁት፣ አግብቶ ወልዶም ቢሆን፣ ሌላ ምንም አትንገሩት። ተኝቼ እንዳልነበረ ብቻ ንገሩልኝ።